ዕጣ እናውጣ ያለው ልጅ

አንድ ልጅ የካርድ ጨዋታ ሊማር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚነግረው ስለ ካርዱ ነው። የትኛው ካርድ ጠንካራ እንደሆነ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ፣ ስንት መሬት እንደሚበቃ ይመክሩታል። ስለ ሽልማቱ አከፋፈል ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር በደቡብ ሲያትልና በሬንተን ያሉትን የጨዋታ ሱቆች ስዞር ከርሜ፣ ልጁን ካስተማሩትም ተስፋ ካስቆረጡትም ነገሮች ሁሉ የምትበልጠው ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው የሽልማት ወረቀት እንደሆነች አምኛለሁ። አንድ ዓርብ ማታ ከውድድር ያስባረረችውም እሷው ናት። እዚያ ላይ እደርሳለሁ።

ልጁ ከአዲስ አበባ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ትምህርት ቤት አልተከፈተ፣ ጓደኛ የለው፣ እንግሊዝኛው ገና አፉ ላይ አልተፍታታ፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ የማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ተጫዋች ነውና "ዓርብ አምጣው፤ ካርድ ለመጫወት ብዙ ማውራት አያስፈልግም" አለኝ። ነገሩ ለሰፈራችንም እንግዳ አይደለም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ሲወጣ ያሳተመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ነው፤ ድርጅቱ መቀመጫውን ያደረገው ሬንተን ነው። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ ደግሞ የሒሳብ ምሁር ሲሆን እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ ዋላ ዋላ በሚገኘው ዊትማን ኮሌጅ አስተምሯል። ያገራችን ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ የተደረደረበት የሬይኒየር ጎዳና ወደ ደቡብ ሲዘልቅ የሚያደርሰው እዚያው ሬንተን ነው።

እህቴ ይህን ስትሰማ በስልክ ጮኸችብኝ። "ካርታ ልታስጫውተው ነው? ልጄን ቁማር አስተምረህ እንዳትልክልኝ!" አለች። "ካርታ አይደለም፣ የልጆች ካርድ ነው" ብዬ አረጋጋኋት። በኋላ ስለ ጨዋታው ታሪክ ሳነብ ግን ስጋቷ መሠረት እንደነበረው ገባኝ። በ1993ቱ የመጀመሪያ ደንብ መሠረት ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ተጫዋቾች ከዴካቸው (ከሚጫወቱበት የካርድ ክምር) ላይ አንድ አንድ ካርድ አንሥተው ያስይዙ ነበር፤ ያሸነፈው ሁለቱንም ለዘለቄታው ይወስዳል። እንዲያውም በዚህ መያዣ ዙሪያ ብቻ የሚሠሩ ካርዶች ታትመው ነበር። ተጫዋቹ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ካርድ በአንድ ጨዋታ ማጣት አልወደደምና ልማዱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ዛሬ እነዚያ ካርዶች በይፋዊ ውድድር ክልክል ናቸው። እንግዲህ "ያሸነፈ ምን ያገኛል?" የሚለው ጥያቄ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እስካሁንም መልሱ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል።

የዓርቡ ውድድር ድራፍት የሚባለው ነው፤ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ስምንት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሦስት ያልተከፈተ ፓኬት ይይዛል። ቀድሞ አንድ ፓኬት 15 ካርድ ነበረው፤ ከ2024 ወዲህ በሚታተሙት ውስጥ 14 ነው። ሁሉም የመጀመሪያውን ፓኬት እኩል ይከፍታል፣ አንድ ካርድ መርጦ ያስቀራል፣ የቀረውን በግራው ላለው ያቀብላል። ከቀኙ ከመጣለት ደግሞ አንድ ይመርጣል። ካርዱ እስኪያልቅ እንዲህ ይዞራል። ሁለተኛው ፓኬት ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ግራ ይሄዳል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ከሰበሰበው ላይ ቢያንስ 40 ካርድ ያለው ዴክ ይሠራል፤ በልማድ 17ቱ መሬት (ሌሎቹን ካርዶች ለማውጣት ኃይል የሚሰጡ)፣ 23ቱ ሌሎቹ ካርዶች ናቸው። አስተናጋጁ ሱቅ መሬቱን በነጻ ይሰጣል።

የዚህ ጨዋታ ውበት ምርጫው ላይ ነው። ጎረቤትህ ምን እንደወሰደ አታይም፤ ምን እንዳስቀረልህ ግን ታያለህ። ጠንካራ ቀይ ካርድ አምስተኛ ዙር ላይ እጅህ ከገባ፣ ከአንተ በፊት ያዩት አራት ሰዎች ቀይ አልፈለጉም ማለት ነው። ይህን ማንበብ የሚለመደው በመደጋገም ብቻ ነው። መምረጥ፣ ዴኩን ሠርቶ መጫወት፣ የመረጥኸው ካርድ ጨዋታ ላይ ሲሠራ ወይም ሲከዳህ ማየት፣ ከዚያም ተመልሶ መምረጥ ነው። ጨዋታ ላይ ያልተፈተነ ምርጫ ትምህርት አይሆንም። የሽልማቱ ደንብ ልጁን የሚነካውም እዚህ ላይ ነው፤ የመረጠውን ስንት ጊዜ እንደሚፈትን የሚወስነው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ሱቅ ጥሎ ማለፍ ነበር። አንደኛ የወጣ 8 ፓኬት፣ ሁለተኛ 4፣ ሌላው ምንም። ልጁ ፓኬቱን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ካርዶቹን በአውራ ጣቱ እየገፋ እንግሊዝኛውን በከንፈሩ ያነባል፤ በግራው ያለው ሰው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ከቀኙ የመጡ ፓኬቶች ፊቱ ላይ ይደራረባሉ። ሥዕሉ ያማረውን እየወሰደ ጨረሰ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተቀምጠው፣ መርጠው፣ ዴክ ሠርተው ጨዋታው እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ለዜሮ ተሸንፎ ተነሣ። ለዚያ ምሽት የነበረው ውድድር አለቀ ማለት ነው። መግቢያው ወደ 20 ዶላር ገደማ ነው። መኪናው የባልደረባዬ፣ እሱ ደግሞ ለፍጻሜ እየገሰገሰ፤ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ መሄጃ አልነበረንም።

ያ ጥበቃ ግን ከጠበቅሁት በላይ ጠቀመን። ጥግ ላይ ባለች ጠረጴዛ ዙሪያ በመጀመሪያው ዙር የወደቁት ተሰባስበው ነበር። አንዲት ሴት ልጁን ጠርታ 40 ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ በቀለም በቀለም ደረደረችለት። አራት ክምር ሆነ። ምንም አላለችም፤ የራሷን ደረደረች፤ ሁለት ክምር ሆነ። እሱ ራሱ ሳቀ። ከዚያ በነጻ መጫወት ጀመሩ። ሲሳሳት "መልሰው" ትለዋለች፣ ካርዱን መልሶ ያነሣል፣ ለምን እንደሆነ ታሳየዋለች። የባላጋራን ፍጡር (የሚዋጋ ካርድ) የሚያስወግደው ተራ ካርድ ከሚያብረቀርቀው ዘንዶ ቀድሞ መመረጥ እንዳለበት ያን ማታ ተረዳ። የተከፈለበት ውድድር በጥቂት ደቂቃ አሰናበተው፤ ያስተማሩት እንደሱ የወደቁት ናቸው። የሽልማት ወረቀቱ ግን ለነዚህ ሰዎች አንዲት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህም በቀጣዮቹ ሳምንታት አንድ በአንድ እየቀሩ ሄዱ፤ ያቺ ሴትም ቀረች።

ቁጥሩን ቤት ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ስምንት ሰው በጥሎ ማለፍ ሲጫወት ጠቅላላው ግጥሚያ 7 ነው፤ አራቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ይሄዳሉ። ማንም ሳይወጣ ሁሉም ሦስት ዙር ቢጫወት ግን ግጥሚያው 12 ይሆናል። ሽልማቱ ያው 12 ፓኬት ነው፤ ለአንደኛው 8፣ ለሁለተኛው 4 መስጠት ወይም ለእያንዳንዱ ድል አንድ ፓኬት መስጠት ይቻላል። ለሱቁ ወጪው አንድ ነው። ለተጫዋቹ ግን አንድ አይደለም። ከአሥር ግጥሚያ አራት የሚያሸንፍ ጀማሪ በድል አንድ ፓኬት ቢሰጠው በአማካይ 1.2 ፓኬት ያገኛል፤ በ8ና 4ቱ ከ0.9 አያልፍም። ከአሥር ስድስት የሚያሸንፈው ልምድ ያለው ሰው ደግሞ ከ1.8 ወደ 2.3 ያድጋል። ልዩነቱ ከጀማሪው ኪስ ወጥቶ ወደ እሱ የሚሄድ ነው። ጎበዞቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከ2002 ጀምሮ ባለው ማጂክ ኦንላይን ላይ ሁለቱም ዓይነት ድራፍት ለዓመታት ጎን ለጎን ተከፍቶ ነበር፤ ጎበዙ 8ና 4ቱ ውስጥ፣ ጀማሪው ሌላው ውስጥ ይሰለፍ ነበር። እዚያ ላይ ቢያንስ ሰው አውቆ ይመርጥ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያለችው ወረቀት አንዲት ናት።

ልጁ በዚህ መሀል ቤት ውስጥ በበይነ መረብ በሚካሄደው ማጂክ አሬና ላይ መለማመድ ጀመረ። እዚያም ሽልማቱ ሌላ ነገር አስተማረው። ፕሪሚየር የሚባለው ድራፍት መግቢያው 1,500 ጄም (የጨዋታው የውስጥ ገንዘብ) ነው፤ ሰባት ጊዜ እስክታሸንፍ ወይም ሦስት ጊዜ እስክትሸነፍ ትጫወታለህ። ሁለት ያሸነፈ 250 ጄም ይመለስለታል፣ ሦስት ያሸነፈ 1,000፣ አራት ያሸነፈ 1,400፤ የከፈለውን መልሶ የሚያገኘው አምስተኛው ድል ላይ ነው። ሁለትና ሦስት ድል መካከል ያለው ገደል ልጁን አሰረው። ቀይና ነጭ ቀለም ይዞ ቶሎ ቶሎ የሚያጠቁ ትናንሽ ፍጡሮችን መሰብሰብ አንድ ጊዜ ከሠራለት በኋላ ሌላ ነገር መሞከር ተወ። ሰማያዊ ካርድ ምን ያህል ቢለመን አይነካም። "ጋሼ፣ ልሞክረው ብዬ ብሸነፍ ጄሜ ያልቃል" አለኝ። አልተሳሳተም። የሚያጣውን የሚቆጥር ልጅ የሚያውቀውን ይደጋግማል። ሰማያዊን ያልነካ ሰው ደግሞ ሰማያዊ ካርድ ጎረቤቱ ሲያሳልፈው ምን ማለት እንደሆነ ሊያነብ አይችልም።

ሁለተኛው ሱቅ ስዊስ ነበር። የቼዝ ተጫዋቾቻችን በደንብ ያውቁታል፤ በ1895 ዙሪክ ላይ በቼዝ ውድድር የተጀመረ የተጫዋቾች አመዳደብ ነው፤ ማንም አይወጣም፣ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። በእያንዳንዱ ድል አንድ ፓኬት። ልጁ ሦስት ዙር ተጫውቶ አንድ ፓኬት ይዞ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሳለ! እኔም ነገሩ በቃ ተፈታ ብዬ ነበር።

አልተፈታም። ትንሽ ሽልማት ባለበት ቦታ ካርዱ ራሱ ሽልማት ይሆናል። አንድ ማታ ሁለተኛውን ፓኬት ሲከፍት ብርቅዬ መሬት ወጣለት፤ ያን ሰሞን ገበያ ላይ ከመግቢያው የሚበልጥ ዋጋ ነበረው። ከሥሩ ዴኩ አጥብቆ የሚፈልገው፣ ፍጡር የሚያስወግድ ተራ ቀይ ካርድ ተቀምጧል። ልጁ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ሱቅ በድራፍት ጊዜ ማውራት ክልክል ነበርና ዝም አልኩ። መሬቱን ወሰደ። ያልተገደለ ፍጡር ሦስቱንም ዙር አሸነፈው፤ ወጥቶ ግን መሬቱን ለሱቁ ሸጦ የሚቀጥለውን ዓርብ መግቢያ ሸፈነ። በዚህ የምወቅሰው አይደለሁም፤ አቅም የሌለው ልጅ ሌላ ምን ያደርጋል? ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ ጎረቤት ያስቀረልህ ካርድ ምንም አይነግርህም። ቀይ ስለማይፈልግ ነው ያሳለፈው ወይስ ሃያ ዶላር ስላየ? ልጁ የካርዶቹን ጥቅም ሳያውቅ ዋጋቸውን በቃሉ ያዘ።

ሦስተኛው ሱቅ ለዚህ መላ ነበረው። ድራፍቱና ጨዋታው ሲያልቅ ብርቅዬዎቹ ሁሉ ጠረጴዛው መሀል ይሰበሰቡና በውጤት ቅደም ተከተል እንደገና ይመረጣሉ፤ አንደኛው መጀመሪያ፣ ስምንተኛው መጨረሻ። ውድ የሆነው ካርድ አይባክንም፣ ለመውሰድ ግን መጫወት አለብህ። ልጁ በዚያ ደንብ ሥር ሲመርጥ ሌላ ሰው ሆነ። ለዴኩ የሚሆነውን ብቻ ያያል፤ ውዱን ካርድ ያለ ሐዘን ያሳልፋል። ሰማያዊን የሞከረው እዚያ ነው። ከጎረቤቱ የሚመጣውን እያነበበ በሁለተኛው ፓኬት መሀል ቀለም ሲቀይር ያየሁትም እዚያ ነው፤ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር። እርግጥ ቅሬታም አለ። አንድ ሰውዬ ከፓኬቱ የወጣለትን ውድ ካርድ መሀል ላይ ሲያስቀምጥ እጁ እንቢ ብሎት አይቻለሁ፤ ተመልሶም አልመጣም።

ይኸው ሱቅ ግን ፓኬት የሚሰጠው 6 ነጥብና ከዚያ በላይ ላለው ብቻ ነበር። ድል 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ ነው። ልጁ ሁለት ዙር ተጫውቶ 3 ነጥብ ይዞ ነበር፤ ሦስተኛው ዙር ላይ የገጠመው ከሥራ በቀጥታ የመጣ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ያልቀየረ ትልቅ ሰው ነው፤ እሱም 3 ነጥብ። አንድ ለአንድ ሆኑ። ለዙሩ የተሰጠው 50 ደቂቃ አለቀ፣ ተጨማሪው ተራም አለቀ፣ ሦስተኛው ጨዋታ ሳይፈጸም ቀረ። አቻ ከተባለ ሁለቱም 4 ነጥብ ይዘው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ አንዳቸው ካሸነፈ ግን ያ ሰው 6 ይሞላና ሁለት ፓኬት ይወስዳል። ልጁ ወረቀቷን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ አነሣና በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ዕጣ እናውጣ" አለ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ እሺ አለ። ዳይሱ ተወረወረ። ከኋላቸው ዳኛው ቆሞ ነበር።

ሁለቱም ከውድድሩ ተሰረዙ። ከብርቅዬዎቹም እንዳይመርጡ ተደረገ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ፈጽሞ አልገባውም። እኔ ላይ ዞሮ "ጋሼ፣ ዕጣ ምን ክፋት አለው? እማዬ እቁብ የምትወስደው በዕጣ አይደል?" አለኝ። ሲደርስባት ለትምህርት ቤት ክፍያው የከፈለችለትን እቁብ እያሰበ ነው። ለእሱ ከዕጣ የበለጠ ሐቀኛ ነገር የለም፤ ማንም አያዳላም፣ ማንም አይቆጣም። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ሳይ ዳኛው ጋ ሄድኩ።

ዳኛው ትሑት ወጣት ነው፤ አረጋግቶ አስረዳኝ። በውድድር ደንቡ መሠረት ውጤትን በዳይስ ወይም በሳንቲም መወሰን፣ ለውጤት ሲባል ገንዘብ ወይም ሽልማት ማቅረብ ከባድ ጥፋት ነው። አንድ ተጫዋች በራሱ ፈቃድ፣ ምንም ሳይቀበል "ተሸንፌያለሁ" ማለት ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ሽልማቱን ሊካፈሉም ይችላሉ፤ ግን ካሸነፍኸኝ ወይም ከለቀቅህልኝ የሚል ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው አይገባም። ይህን ሲለኝ ትክክል ነው አልኩ፤ አሁንም እላለሁ። ውጤት በዕጣ ከተገኘ ሌሎቹ ስድስት ሰዎች በሐቅ ያገኙት ደረጃ ይዛባል። በገንዘብ ከተገኘ ደግሞ እህቴ የፈራችው ነገር በበሩ ገባ ማለት ነው።

ነገር ግን ወረቀቷንም አሳየሁት። አቻ የወጡ ሁለት ሰዎችን ባዶ እጅ የምትሰድ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢያሸንፍ ግን ሁለት ፓኬት የምትሰጥ ወረቀት ማንኛውንም የዋህ ልጅ ወደ ዳይሱ ትገፋለች። ጎበዙ ሰው ደንቡን ስለሚያውቅ በጊዜ ይለቃል ወይም በጊዜ ይካፈላል፤ የሚያዘው የማያውቀው ነው። ቅጣቱ የሚያርፈው መማር በመጣው ላይ ነው። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። የሱቁ ባለቤትም በትዕግሥት ሰማኝ፤ ወረቀቷ ግን እስካሁን አልተቀየረችም።

ልጁ ለጥቂት ሳምንት አልሄድም አለ። የመለሰው ያ ከሥራ የመጣው ሰው ነው። አብሮ ተባርሮ ሳለ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቆን፣ ካርዶቹን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ ያን ያልተፈጸመ ሦስተኛ ጨዋታ እስከ መጨረሻው እንዲጫወቱት ጠይቆት ነበር። ልጁ አሸነፈ። ሰውዬው ስልክ ቁጥሩን ሰጠው።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛው ቤት ድራፍት አለ። የጎረቤት ልጆች፣ ያ ሰውዬ፣ ባልደረባዬም አንዳንዴ ይመጣል። ፓኬቱን አዋጥተን እንገዛለን። ሁሉም ሦስት ዙር ይጫወታል፣ በድል አንድ ፓኬት ይሰጣል። አቻ የወጡ ሁለት ሰዎች አንድ ፓኬት ይከፍቱና ተራ በተራ አንድ አንድ ካርድ እያነሡ ይካፈሉታል፤ ይህም ራሱ የመምረጥ ልምምድ ነው። ብርቅዬዎቹ መሀል ይገቡና በውጤት ይመረጣሉ፤ ግን ፓኬቱን የከፈተው ከወጣለት አንዱን ብቻ ቀድሞ እንዲያስቀር ፈቅደናል፤ የዚያ ሰውዬ እጅ እንቢ ማለቱ ትዝ ስለሚለኝ ነው። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሁሉም ዴኩን ዘርግቶ የት ላይ ቀለም እንደቀየረና ለምን እንደሆነ ይናገራል። ልጁ አሁን ሌሎቹን የሚያስረዳ እሱ ነው፤ እንግሊዝኛውም በዚያው ተፍታታ።

ልጆቻችሁን ወደነዚህ ሱቆች የምትወስዱ ወላጆች ብዙ ናችሁ። መግቢያውን ከመክፈላችሁ በፊት የሽልማት ወረቀቱን ጠይቃችሁ አንብቡ። የተሸነፈ ልጅ ስንት ዙር ይጫወታል? አቻ የወጣ ምን ያገኛል? ብርቅዬው ካርድ ለማን ነው? ዕጣ ማውጣት ክልክል መሆኑንም አስቀድማችሁ ንገሩት። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጣችሁ መልስ "አንድ ዙር" ከሆነ ሌላ ሱቅ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ደግሞ እንደኛ ቤታችሁ አድርጉት፤ የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛና 24 ፓኬት፣ ለሽልማት ደግሞ 12 ፓኬት ነው።